ሦስተኛው ማጠፊያ

ሁለት ማጠፊያ ብቻ ያለው በር ብዙም አያስቸግርም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም ቀጥታ መስመር አለና። ጣጣ የሚያመጣው ሦስተኛው ነው። መካከለኛው ከመስመር ትንሽ ከወጣ በሩ እየከበደ ይሄዳል። ይህን እዚህ ዲላ ያለ አናጺ ሁሉ ያውቀዋል፤ መፍትሔውም ብሎን ማላላት ነው። በፋይበር ግላስና በኢፖክሲ ሙጫ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ግን ያ ዕድል የለውም።

አውሮፕላን በግሉ ለመሥራት የደፈረ ኢትዮጵያዊ አለ። አስመላሽ ዘፈሩ በትምህርቱ የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ሙያውን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ለቅሞ፣ የቮልስዋገን ሞተር የተገጠመላትን ኬ-570ኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሰንዳፋ ላይ ለሙከራ አውጥቷታል። ከእርሱ 80 ዓመት ቀድሞ፣ በ1935፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠርቷል፤ ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በ2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች።

አውሮፕላን የሚታዘዘው በማጠፊያ ነው። ከክንፉ ኋላ ያለው ኤለሮን ወደ ጎን ያዘነብለዋል፤ ጭራው ላይ ያለው ኤለቬተር አፍንጫውን ያነሣል ወይም ይደፋል። ማጠፊያው ከያዘ አብራሪው የሚታገለው ከአየሩ ጋር ሳይሆን ከገዛ መሪው ጋር ነው።

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ቡርት ሩታን ፎምን በጋለ ሽቦ ቆርጦ በፋይበር ግላስ የመሸፈንን ዘዴ ለቤት ሠሪዎች አስፋፋ። ሐሳቡ በጭረት የጠነከረ ሙጫ ነው። (የጌዴኦ ጓሮ የሚሰጠውን የእንሰት ቃጫ ከሬዚን ጋር አዋህደው የፈተሹ የአገራችን ተመራማሪዎች አሉ፤ የማጠፊያ መያዣ ግን ለጊዜው ባይሠራበት ይሻላል።) ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ አይታጠፍም፤ የተሳሳተ መያዣ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ብልሃቱ መለካት ላይ ብቻ አይደለም። መያዣዎቹ ገና ሳይጣበቁ አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በሁሉም ቀዳዳዎች ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሙጫው እንዳይዘው ሰም ይቀባል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጣበቃሉ። መስመሩን የሚወስነው ዘንጉ ራሱ ነው። ቀጭን ዘንግ ግን በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ክንፉም በሁለት ማስቀመጫ ላይ ብቻ ከተኛ እንዲሁ። ያኔ የሚደርቀው ጉብጠቱ ነው። ሙቀትም ያስቸኩላል፦ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የመሥሪያው ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ የዲላ እኩለ ቀን ለዚህ ሥራ አይመከርም።

በረራ ላይ ክንፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ቀጥ ያለው መስመርም ይጎብጣል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ሠሪ የክንፉን ጫፍ ሽቅብ ገፍቶ ይዞ ኤለሮኑን ያንቀሳቅሳል፤ ከያዘ መሬት ላይ እያለ ይወቀው።

እንዳይዝ ብሎ ማላላቱ ደግሞ የባሰ ነው። የላላ ኤለሮን በፍጥነት ሲሄድ መርገብገብ ይጀምራል፤ መርገብገቡ በሰከንዶች ውስጥ ክንፍ ሊሰብር ይችላል። ይህ አደጋ በአብዛኛው የሚከተለው የአውሮፕላኑን እውነተኛ ፍጥነት እንጂ የፍጥነት ጠቋሚው የሚያሳየውን አይደለም። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በዚያው ልክ ስስ ነው። ጠቋሚው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 108 ይጠጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተፈተነ ማጠፊያ እዚህ ሲመጣ ያ 8 ከመቶ ከደኅንነት መጠባበቂያው ላይ ይቀነስበታል።