በሕግ አምላክ፤ የቀድሞው የሙግት ሥርዓት ትውውቅ

በቀደመው ዘመን፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ፣ ሁለት ባላገሮች በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንደኛው ዱላውን አንሥቶ፣ ሁለተኛው ድንጋይ ጨብጦ ደም ሊፈስ ጥቂት ሲቀር፣ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ድምፁን ያሰማ እንደ ሆነ፣ የተነሣው ዱላ በተነሣበት ሊቆም ይገባው ነበር። ይህን ቃል ለመናገር ሹመትም ጠመንጃም አያስፈልግም፤ ሴትም ትለዋለች፣ ድኻም ይለዋል፣ ከጠበኞቹም አንዱ ራሱ በተገፋ ጊዜ ይለዋል። «ምኒልክ ይሙት!» እየተባለ በንጉሥ ስም ሲታገድም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከታገደ በኋላ እጁን የሰነዘረ ሰው የሚጠየቀው በመማታቱ ብቻ ሳይሆን ሕጉን በመድፈሩም ጭምር ነበረ።

ስለ ሕግ በተነገረ ቍጥር ሐሳባችን ወደ ቅጣት ይሮጣል፤ ወኅኒ ቤቱና የእግር ብረቱ ቀድመው ይታዩናል። እኔ ግን የአባቶቻችንን የሙግት ሥርዓት ስመረምር፣ ኅብረተሰብን አጽንቶ ያኖረው፣ የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን፣ በጠብና በፍርድ መካከል የተዘረጋው፣ ቍጣ የሚበርድበትና የእጅ ነገር ወደ አፍ የሚመለስበት ጊዜ እንደ ሆነ ከልብ አምናለሁ።

ጠበኞቹ ከታገዱ በኋላ ዳኛ ይሻሉ። ዳኛው ሩቅ አይደለም፤ ዕድሜውና አነጋገሩ የሚያስከብረው ማንኛውም መንገደኛ «ዳኘን» ሊባል ይችላል፤ የተጠየቀውም ሰው ቸኵያለሁ ብሎ ማለፍ ነውር ስለሚሆንበት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱን ያደምጣል። በእርሱ ነገር ካልተስማሙ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከጭቃ ሹሙ ወደ ምስለኔው፣ ከዚያም ወደ አገረ ገዢው፣ እያለ ነገሩ በይግባኝ ይወጣና እስከ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። ሁሉም ድኻ እስከዚያ ለመድረስ ስንቅ ነበረው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ማወቁ ብቻ ብዙ ዱላ አስጥሏል።

ተከሳሹ ዋስ ከጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋስ መጥራት በራሱ ታላቅ ነገር ነው፤ ዋሱ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሆነ፣ ተከሳሹ ቢጠፋ ዕዳው በእርሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ ከማንም ዘበኛ ይበልጥ ይጠብቀዋል። ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ይቈራኛሉ። ቀለል ባለው ነገር የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ በከበደው ደግሞ የሁለቱ እጅ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራል። የውጭ አገር መንገደኞች ይህን ባዩ ጊዜ ተደንቀው ጽፈዋል፤ የሚገርመውም ሰንሰለቱ ሳይሆን ወታደር አለመከተሉ ነው። ባላጋራዎቹ ብቻቸውን አቀበቱን ይወጣሉ፣ ቍልቍለቱን ይወርዳሉ፣ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ ሲመሽም በአንድ ጥግ ያድራሉ። በነጠላ የተቋጠረው ሰው ቋጠሮውን ፈትቶ መሮጥ ሳያቅተው አይሮጥም፤ ቢሸሽ ነገሩን እንዳመነ ይቈጠርበታልና። ቍራኛ ለድኻው መራራ እንደ ነበረ አልክድም፤ ለጥቂት ብር ዕዳ ከአበዳሪው ጋር የተቈራኘ ገበሬ የእርሻው ወራት ያልፍበት ነበር።

በችሎት ፊት የሚታየው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ አንድ እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ተቃራኒው «ልጠየቅ» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ነገሩን በምሳሌና በንጽጽር እያዋዛ ይዘረዝረዋል። ይህን ባላስመሰክር በማር፣ ይህን ባላስረዳ በበቅሎ እያለም ይወራረዳል፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ተመልካች ብቻ አይደለም። ዳኛው ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት በችሎቱ ያሉትን አስተያየት ይጠይቃል፤ የሚናገሩትም ከታናሹ ጀምረው ወደ ታላቁ እየወጡ ነው። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ጥልቅ ይመስለኛል፤ ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ታናሹ እርሱን ለመቃወም ባልደፈረ ነበር። የመንደሩም ልጅ ከሰው እግር ሥር ሾልኮ ገብቶ ሲያደምጥ እየዋለ፣ ሳይማር ሕግ ይማራል።

የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህን መጽሐፍ በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ የነበረው የቅብጥ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ያጠናቀረው ሲሆን፣ ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን፣ ከጉባኤያት ቀኖና፣ ከሮማውያን ነገሥታትም ሕግ ተውጣጥቶ በ51 አንቀጽ የተከፈለ፣ ፊተኛው ክፍል ለቤተ ክርስቲያን፣ ኋለኛው ለሥጋዊ ነገር የሚያገለግል ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ እንደ ሊቃውንቱ ትውፊት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በታላቁ ችሎት ከባድ ነገር በመጣ ጊዜ መጻሕፍት ዐዋቂው ግእዙን እያነበበ በአማርኛ ይተረጕመዋል። በገጠር ዛፍ ሥር ግን መጽሐፉ እምብዛም አይገለጥም፤ እዚያ የሚፈርደው የአገር ልማድና ሕገ ልቡና ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ጨለማውን ክፍል መሸፈን ግፍ ይሆናል። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለከል ነበር፤ ካልተገኘም ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ዕዳ ይከፍላል። በሌባ ሻይ ሥርዓት መድኀኒት ጠጥቶ የሚንገዳገድ ልጅ በሰው ቤት ገብቶ በወደቀ ጊዜ ደግሞ፣ ያ ቤት ያለ ምስክር ሌባ ይባል ነበር። በነፍስ ግድያም ቢሆን ገዳዩ በፍርድ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ የሚሰጥበት ጊዜ ነበረ፤ እነርሱም ወይ ደሙን ይመልሳሉ፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይተዉታል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ አሰቃቂ ነው፤ ሆኖም የሟች ወንድም በዱር ከማድባት ይልቅ በዳኛ ፊት «ደሜ» ብሎ እንዲጮኽ ማድረጉ አንድ ደረጃ እንደ ነበረ መረሳት የለበትም።

የኋለኛው ታሪክ በአጭር ሊነገር ይችላል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከፍትሐ ነገሥት ሥር ሳይርቅ ቅጣቱን በዝርዝር ደነገገ፤ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተቋቋሙ፤ በ1949 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ 3367 ቍጥሮች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ይህም ሕግ በቍጥር 3347 በውስጡ የተመለከቱትን ጉዳዮች ሁሉ በሚመለከት የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሻረ። ዘመናዊው መጽሐፍ ለነጋዴውና ለባለንብረቱ እርግጠኛነትን አምጥቷል፤ የተያዘ ሰውም ዛሬ በሕገ መንግሥቱ መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት እንጂ በማንም እጅ አይታሰርም። የመጨረሻው አቤቱታ ከአምስት በማያንሱ ዳኞች በሚያስችለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይቆማል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በነፍስ ነገር ግን ሽማግሌዎች ሳይጠሩ አይቀሩም። መደበኛው ፍርድ ገዳዩን ያስረዋል፤ የሟችና የገዳይ ቤተሰብ ግን በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ። ስለዚህ የእስራቱ ዘመን ሳይፈጸም የገዳይ ወገኖች ካህናትና ሽማግሌዎች ይልካሉ፤ የሟች ወገኖች ደጋግመው እንቢ ይላሉ፤ በመጨረሻ ካሣው ተቈርጦ፣ በመስቀልና በወንጌል ተማምለው ደሙን ያደርቃሉ፤ ፍርዱን የሰጠው ዳኛ መዝገቡን ከዘጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።