አሮጌ ቶርኖ በሚዛን አይሸጥም

ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በአንድ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። አገሩ የእህል አገር ነው፤ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው ከአፈሩ ይትረፈረፋል። ይሁን እንጂ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ከመሶብ የሚደርሰው በብረት ረዳትነት መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስበውም። የወፍጮው ዘንግ በተሰበረ ቀን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። እናቶች ያመጡትን እህል መልሰው ይሸከማሉ፤ ባለ ወፍጮው ገቢው ይቋረጣል፤ የተሰበረውም ዘንግ በአውቶቡስ ተጭኖ ቶርኖ ወዳለበት ከተማ ይላካል።

ቶርኖ ብረትን ነክሶ እያዞረ በስለት የሚቀርጽ መኪና ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። ቃሉ በእንግድነት ቢገባም ዛሬ ቤተኛ ሆኗል። አሁን ልንናገር የፈለግነው ግን ስለ አዲሱ ቶርኖ ሳይሆን፣ በየግቢው ጥግ ዝገት ለብሶ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴን ስለሚጠብቀው አሮጌ ቶርኖ ነው። ይህ መኪና በኪሎ ተመዝኖ ከመሸጡ በፊት ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቶርኖ አካል ወፍራም የቀለጠ ብረት ስለሆነ ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው አያልፍም። በእውነት የሚበላው ጥቂት ቦታ ነው፤ ይኸውም ስለቱን ይዞ የሚሄደው ሠረገላ የሚንሸራተትበት አልጋ፣ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ፣ እንዲሁም ጠመዝማዛው ዘንግ ነው።

አልጋውን ለመመርመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሠረገላውን ብረት ወደሚነክሰው መንጋጋ አስጠግቶ፣ ሳይላላ በልኩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ማጥበቅ፤ ከዚያም ወደ ወዲያኛው ጫፍ እየገፉ መሞከር ነው። ብዙ ሥራ የሚሠራው በመንጋጋው አጠገብ ስለሆነ አልጋው የሚበላውም እዚያው ነው። እንግዲህ ሠረገላው ወዲያ ሲሄድ ከተጣበቀ፣ በመንጋጋው በኩል ያለው አልጋ ተበልቷል ማለት ነው። የጠመዝማዛው ዘንግ እጀታ ትንሽ ባዶ ዙር ቢዞር ግን አያስደነግጥም፤ ባለሙያው ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እየመጣ ከለካ ልኩን አይስትም።

ዝገቱን በላምባ ወይም በናፍጣ አርሶ በጨርቅና በብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በመፍጫ ድንጋይ አልጋውን የሚያሸው ሰው ዝገቱን አጠፋለሁ ሲል ልኩን ያጠፋል።

የተበላውን አልጋ ለማስተካከል ከእርሱ የሚበልጥ መኪና የግድ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። የዓለም ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። ከሄንሪ ሞድስሌይ ወርክሾፕ የወጣው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 በግላስጎው ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ፍጹም ልሙጥ የሆነ ብረት በእጅ እንዴት እንደሚሠራ አስረድቷል። ዘዴው ሦስት የብረት ገበታዎችን ተራ በተራ ማገናኘት ነው። አንዱን ሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀብተው ከሌላው ጋር ሲያሹት፣ ከፍ ያለው ቦታ ቀለም ይይዛል፤ ያንን በእጅ መፋቂያ ይፍቁታል። ገበታዎቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ተስማምተው ሊዋሹ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ምስክር ሲመጣ ግን ሐሰቱ ይገለጣል። የቶርኖ አልጋም በዚሁ መንገድ በተሠራ ቀጥ ያለ ብረት እየተመዘነ ይፋቃል። አልጋው እጅግ ከተበላ ሥራው የወራት ነው፤ የሚጠይቀው ግን ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞተሩ ነገር ነው። የድሮ ቶርኖ ሞተር ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ሲሆን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው መብራት ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ዛሬ ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ አንዱን ፌዝ ወደ ሦስት ይለውጣል፤ ሞተሩ በ220 ቮልት ለመሥራት የሚችል መሆኑን ግን በላዩ ከተለጠፈው ሰሌዳ ማንበብና ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት ይገባል። መኪናው ሲነሣም ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ ፊቱ የሚቆም አይኑር፤ የሚዞር ብረት ጨርቅን ከነባለቤቱ ይስባል።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። በገጠሩ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራው ባለ እጅ «ጠይብ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ ግን ከአንደበታችን ጨርሶ አልጠፋም። በስድብ ምክንያት ልጅ የአባቱን ሙያ ሲሸሽ፣ የብረትን ጠባይ የሚያውቅ እጅ ይጠፋል፤ ያ እጅ ሲጠፋም አሮጌውን ቶርኖ ከቁርጥራጭ ለይቶ የሚያውቀው አይገኝም።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሙያን በትምህርት ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሙያ የሚማር ወጣት፣ ከመጽሐፉ ጎን አንድ የሞተ መኪና ፈትቶ ቢያስነሣ፣ የአባቶቹን እጅና የትምህርት ቤቱን ልክ ባንድ ላይ ያገኛል። ባለ ወፍጮውም ዘንጉ በተሰበረ ጊዜ አውቶቡስ ከመጠበቅ ይድናል።