ከጃምቦ ወደ ጣሳ፦ ቅዳሜና እሑድ በተበላ

በመኝታ ቤታችን ስለ ቢራ ክርክር ባይነሣ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ በውጭ አገር ትናንሽ ጠማቂዎች ከትልልቁ ፋብሪካ ተለይተው በገዛ እጃቸው ቢራ እየጠመቁ እንደሚሸጡ፣ ጠጪውም ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ከተማ እየዞረ እንደሚቀምስ አንብቦ መጣና «ይህን የመሰለ ነገር እኛ አገር የለም» ሲል ፈረደ። ሌላው «ከሶዶ እስከ ተበላ ያሉት እናቶች ታዲያ ምን እየሠሩ ነው?» ብሎ ጠየቀው። የመጀመሪያው ሳቀ። «ቦርዴ ደግሞ ቢራ ነው?» አለ። እኛም ጥያቄው ሳይመረመር በሳቅ መታለፉ ደስ ስላላሰኘን አንድ ቅዳሜና እሑድ ሰጠነው፤ ያየነውንም ለጓደኞቻችን ተማሪዎች እነሆ ጽፈናል።

አስቀድመን ስለ ውጭው ነገር ጥቂት እንበል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝ አገር በ1971 ጠጪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በበርሜሉ ውስጥ ገና እየፈላ የሚቀዳውን የቀድሞውን ቢራ ከመጥፋት ለማዳን ተነሡ። በአሜሪካም በቤት ውስጥ ለራስ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ በ1978 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከጓሮ የተነሡ ትናንሽ ጠማቂዎች በሺህ የሚቈጠሩ ሆኑ። የፋብሪካው ቢራ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣዕም መያዙ አሰልችቷቸው ነበርና። በእኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትንሿ ጠማቂ የጥንት ናት፤ አዲሱ እንግዳ ፋብሪካው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1922 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሜታ አቦ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ሐበሻና ሌሎችም ተከታትለው መጡ። በ2011 የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች ሄኒከን ከመንግሥት ገዛ። እንግዲህ አውሮፓና አሜሪካ ያጡትን ትንሽ ጠማቂ እንደገና ለመፍጠር ሲደክሙ፣ እኛ ያለችንን ጠማቂ ገና አልቈጠርናትም።

ዓርብ ማታ በሶዶ ሦስት ድራፍት ቤት ዞርን። ስለዚህ ብዙ የምንጽፈው የለንም። ጃምቦው ቀዝቃዛ ነው፤ አረፋው ያምራል፤ ሙዚቃው ያደነቍራል። የአንዳችንን ዓይን በሻርፕ ሸፍነን የሁለት ፋብሪካ ድራፍት አቀመስነውና ይለይ እንደ ሆነ ፈተነው፤ አልለየም። ፈታኞቹም በተራችን አልለየንም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነሥተን በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ቆላው ወረድን። ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ሃያ ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር የገባን አስመሰለን። የመራን የዚያው አገር ልጅ የሆነ ጓደኛችን ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እናቱ እህል ነጋዴ እንደ ሆኑ ይነግረን ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ግን አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «እማማ የሚሸጡት ቦርዴ ነው» አለን። ማንም ምንም አልመለሰለትም።

ቦርዴ አንድ ጊዜ ተጠምቆ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አምስት ቀን ያህል ይፈጃል። እኛ በሁለት ቀን ሁሉን ለማየት የቻልነው እማማ አንዱን ጥንስስ ሳይጨርሱ ሌላውን ስለሚጀምሩ፣ በየእንስራው ልዩ ልዩ ዕድሜ ያለው ስለ ነበረ ነው። በ2002 ከበደ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው የቦርዴ አጠማመቅ ባሳተሙት ጥናት ሥራውን በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ በእማማም ቤት ያየነው ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በመጀመሪያ በሸካራው የተፈጨ በቆሎ በውሃ ይለወስና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ይኮመጥጣል። ማንም እርሾ አልጨመረበትም፤ የሚያስኮመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት በእህሉ፣ በእንስራው ግድግዳና በሠሪዋ እጅ ያሉት ናቸው። በሁለተኛው ደረጃ ከኮመጠጠው ሊጥ ጥቂቱ በብረት ምጣድ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ሲበርድ ከብቅልና ከውሃ ጋር ተደባልቆ አንድ ቀን ያድራል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። በሦስተኛው ደረጃ የቀረው ሊጥ ተድቦልቡሎ በእንፋሎት ይበስልና ተፈርፍሮ፣ ከአዲስ ብቅል ጋር ወደ ጥንስሱ ይገባል፤ ድፍድፍ ይባላል። በአራተኛው ደረጃ ወፍራም ገንፎ ተገንፍቶ፣ በርዶ፣ ዳግመኛ ብቅል ተጨምሮበት ከድፍድፉ ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያ ይጠለልና ለጥቂት ሰዓት ይተዋል። ሲፈላ ድምፁ ይሰማል። አንዳችን ጆሮውን ወደ እንስራው ቢያስጠጋ እማማ ሳቁበት።

እዚህ ላይ «አንዱን በቆሎ ለምን ታምሶ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ ደግሞ ገንፎ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይሠቃያል?» ብለን መጠየቃችን አልቀረም። እማማ «እንኩሮው ለቀለሙና ለሽታው ነው፤ ገንፎው ነፍስ ይሰጠዋል» አሉን። በክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር ስናመሳክረው መልሳቸው ትክክል ነው። ጥሬ ስታርች ለብቅል ኤንዛይም በቀላሉ አይበገርም፤ ሙቀትና ውሃ ሲያገኝ ግን ያብጥና ይላላል፣ ኤንዛይሙም ቈራርጦ ስኳር ያደርገዋል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያኮመጥጡታል። በመጨረሻው ሰዓት የሚገባው ገንፎና ብቅል ለእነዚህ ሁሉ አዲስ ቀለብ ነው። ቦርዴ በጣሳ ሲቀዳ ገና ጣፋጭነት ያለው፣ ገና የሚፈላና ወፍራም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠላን የሚያውቅ አንባቢ ጌሾው የት አለ ይል ይሆናል። የለም። ጌሾ ለጠላ፣ ሆፕስ ለፋብሪካ ቢራ መራራነትን ከመስጠታቸው ሌላ አበላሺ ባክቴሪያን ይገታሉ። ፋብሪካው በዚህ ላይ ያጣራል፣ ያሞቃል። ፓስተር ስለ ቢራ መበላሸት የጻፈው መጽሐፍ በ1876 ከወጣ ወዲህ በሙቀት የታከመ ቢራ ወር ተቀምጦ ሩቅ አገር ይሸጣል። ቦርዴ ግን ምንም የሚገታው ስለሌለ መኮምጠጡን አያቆምም። ጠዋት የደረሰው በማግሥቱ የሚፈልገው የለም። የእማማ ንግድ ችግር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ መሰለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሳቂው ጓደኛችን «ታዲያ ይህ በዕድል የሚሠራ ነገር ነው» ብሎ እንደገና ተነሣ። እውነት ነው፣ እርሾው በላቦራቶሪ አልተመረጠም። ነገር ግን በብራስልስ አጠገብ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ፤ የተቀቀለው የእህል ውሃ በሰፊ ገንዳ ሌሊቱን ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ከአየሩና ከእንጨት በርሜሉ በሚገቡት ጥቃቅን ነፍሳት ይፈላል። የቤልጅግ የቢራ ባህል በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ ላምቢክንም የዓለም ቢራ አዋቂ ሁሉ ባርኔጣውን አንሥቶ ነው የሚጠጣው። በብራስልስ ጥበብ የተባለው በተበላ ዕድል የሚባልበትን ምክንያት ጓደኛችን ሊያስረዳን አልቻለም። እኛም አልጫንነውም፤ ሦስተኛውን ጣሳ ይዞ ነበር።

ስለ ጣዕሙ እንዲህ ነው። መልኩ የደፈረሰ፣ ወደ ቡናማ ያደላ ነው። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይኮመጥጣል፣ በመጨረሻ የእንኩሮው የታመሰ ሽታ ይቀራል። አልኮሉ አነስተኛ ነው። ሆድ ግን ይሞላል፤ እኛ ምሳ የጠየቀ አልነበረንም። በእርሻና በግንባታ የሚውለው ሰው እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቈጥረዋል፤ አራስም ወተቷ እንዲበዛ ትጠጣዋለች። በአራት ቤት ቀመስን፤ አራቱም ልዩ ልዩ ነው። የአንደኛዋ ብቅል የዳጉሳ ነበረና መራር ብጤ አለው፤ የሌላዋ ቀጭንና ኮምጣጣ ነው። አንደኛዋ ቤት ያገኘነው ውሃ የበዛበት ስለ ነበረ አላመሰገንነውም። የዓርቡን ፈተና ዓይናችንን ሸፍነን ስንደግመው አራቱንም ያለ ስሕተት ለየናቸው።

አሁን ወደ ችግሩ። ድራፍቱ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። እማማ ግን ከአምስት ቀን በፊት፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳያውቁ፣ በቆሎውን ይለውሳሉ። በሽያጩ ቀን ዝናብ ከጣለ የአምስት ቀን ሥራ ለከብት አተላ ይሆናል። በቆሎ ሲወደድ የጣሳው ዋጋ እኩል አይወደድም፤ ጠጪው የቀን ሠራተኛ ነውና። ማገዶም አለ፤ ማመስ፣ በእንፋሎት ማብሰል፣ ገንፎ ማገንፋት ሁሉ እሳት ነው። የሁምቦ ተራራ 2,728 ሄክታር ተከልሎ ደኑ እንዲያገግም መደረጉን፣ በ2009ም በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት መመዝገቡን ብዙዎቻችን በክፍል ሰምተናል። ተራራው ለምልሟል፤ እኛም በዓይናችን አይተን ደስ ብሎናል። በዚያው ልክ፣ ቦርዴ የምትጠምቅ ሴት እንጨቷን በሸክም የምትገዛ መሆኗን የክፍሉ ትምህርት አልነገረንም።

በእኛ በኩል የታሰበን ብዙ ነበር። አንዱ ቦርዴን በጠርሙስ አሽገን ብንሸጥስ አለ። ሲታሰብ ግን ተሞቆ የታሸገ ቦርዴ የሚፈላ ቦርዴ አይደለም፤ ሳይሞቅ የታሸገውም ጠርሙሱን ይሰብራል። ሌላው የተሻለ አሳብ አመጣ፦ ጭሱን የሚያስወጣና እንጨት የሚቈጥብ ምድጃ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጠማቂዎቹም የሽያጩን ቀን በተራ ቢከፋፈሉ አለ። እማማ የመጨረሻውን ሲሰሙ «እኛማ እንከፋፈላለን፤ እናንተ ያልጠየቃችሁን ነው እንጂ» አሉ። ሴቶቹ ተራ እንዳላቸው፣ ድፍድፍ የተበላሸባት ከጎረቤቷ እንደምትበደር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዱ፣ አሥረኛ ክፍል የደረሰችው ልጃቸው ሙያውን ተምራ እንደ ሆነ እማማን ጠየቀ። «አልችልም ትላለች። እኔም ቻዪ አላልኳት» አሉ፤ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጭሱ ነው። ቀጥለውም ወደ ጓደኛችን በአገጫቸው እያመለከቱ «ይኸንን በጣሳ ነው ያስተማርኩት» አሉ። እሱ እንጨት ሊያመጣ ተነሥቶ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እማማ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልተው ሰጡን፤ ክዳኑን እንዳናጠብቀው አስጠነቀቁን። አጠበቅነው። ሶዶ ሳንደርስ ጀሪካኑ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ መኝታ ቤት ስንከፍተውም ግማሹ በአልጋችን ላይ ፈሰሰ። ሰኞ ጠዋት የቀረው እንደ ሆምጣጤ ኮምጥጦ ነበር። እንድፋው ስንል ጓደኛችን ጀሪካኑን ከእጃችን ወስዶ፣ በሻይ ብርጭቆ እየቀዳ፣ ቆሞ ጠጣው።