ሰማይን የገዛ ካፒታልና መጠለያ ያጣ ሠራተኛ

የመኖሪያ ቤት ጥያቄ የድንጋይና የሲሚንቶ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመደብ ጥያቄ ጭምር መሆኑን ለመገንዘብ የሚሻ ሁሉ በኒውዮርክ ከተማ ከሴንትራል ፓርክ በስተደቡብ የተሰለፉትን ማማዎች ይመልከት። ሠፈሩ «የቢሊየነሮች ረድፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጠናቀቀው ዋን57 306 ሜትር፣ በ2015 የተከተለው የፓርክ አቬኑ ቁጥር 432 ማማ 426 ሜትር ይረዝማሉ። ሴንትራል ፓርክ ታወር ደግሞ 472 ሜትር ሆኖ ከዓለም የመኖሪያ ሕንፃዎች ሁሉ በላይ ቆሟል።

እነዚህን ማማዎች ወደ ላይ የመዘዛቸው የምሕንድስና ጥበብ ብቻ አይደለም። በከተማው ደንብ በአንድ ይዞታ ላይ የሚሠራው የወለል ስፋት የተወሰነ ነው። ነገር ግን አጠገቡ ያለው ሕንፃ ዝቅ ያለ ከሆነ ባለቤቱ ያልተጠቀመበትን ድርሻ «የአየር መብት» በሚል ስም ሊሸጥ ይችላል። በዚህም መሠረት ከበርቴው የጎረቤቶቹን ያልተሠራ ፎቅ ገዝቶ በራሱ ይዞታ ላይ ይከምራል። የመሣሪያ ወለሎችም ከተፈቀደው ስፋት ስለማይቆጠሩ፣ ማንም የማይኖርባቸው ረጃጅም ባዶ ወለሎች በመካከል እየገቡ የላይኞቹን ቤቶች ወደ ውዱ እይታ አነሷቸው። የከተማው ምክር ቤት ይህን ቀዳዳ ያጠበበው በ2019 ሲሆን፣ ማማዎቹ ግን ቀድመው ቆመው ነበር።

ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል ለቀበሌ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ኑሮው በሺካጎ የነበረ አንድ የፋይናንስ ከበርቴ በዚሁ ሠፈር አንድ መኖሪያ በ238 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ወር በከተማው መጠለያዎች የሚያድረው ሕዝብ ከ60 ሺህ በላይ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት የሀብት ማስቀመጫ ካዝና እንጂ ማደሪያ አይደለም። ብዙዎቹ ገዢዎች ስማቸውን በኩባንያ ስም መሸፈናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ከፍታን አንቃወምም። በሲንጋፖር በመንግሥት የቤቶች ድርጅት ተሠርተው በ2009 የተጠናቀቁት ሰባት ባለ 50 ፎቅ ማማዎች 1,848 መኖሪያዎችን ይዘዋል። የሴንትራል ፓርክ ታወር መኖሪያዎች ግን 179 ብቻ ናቸው። ሲንጋፖር ሶሻሊስት ሀገር አለመሆኗን እናውቃለን፤ ለዚያውም ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል።

ከዋን57 በስተጀርባ፣ በ58ኛው መንገድ፣ አንድ የቀድሞ ሆቴል አለ። በ2018 የከተማው አስተዳደር ሆቴሉን ሥራ ላላቸውና ሥራ ለሚፈልጉ 150 ቤት አልባ ወንዶች መጠለያ ለማድረግ አቀደ። የአካባቢው ባለ ንብረቶች ሕንፃው ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው በማለት ክስ መሠረቱ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲንከባለል ሦስት ዓመት አልፎ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አልጋ ያገኙት በኅዳር 2021 ነበር።