ፈጠራ የአእምሮ ጎተራ፤ ኪነ ጥበብና የመርሳት በሽታ

በይፋግም ሆነ በደብረ ታቦር አካባቢ አንድ አረጋዊ የልጆቻቸው ስም ሲጠፋቸው፣ ከገበያ ሲመለሱም መንገዱ ሲምታታባቸው፣ ቤተ ሰብ «ጃጁ» ብሎ ነገሩን ያልፈዋል። ይሁን እንጂ መጃጀት የእርጅና ግዴታ አይደለም፤ የአንጎልን የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ የሚያጠፉ በሽታዎች ውጤት ነው። ከእነዚህም ዋነኛው አልዛይመር ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ስላልተገኘለት፣ ሕመሙን የሚያዘገየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። ከመልሶቹም አንዱ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል።

ዴቪድ ስኖውደን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በጀመሩት ጥናት 678 ሴት መነኮሳትን ተከታትለዋል። ከመነኮሳቱ መካከል በወጣትነታቸው የሕይወት ታሪካቸውን በሐሳብ አበልጽገው የጻፉት፣ በእርጅናቸው ዘመን በሕመሙ የመጠቃታቸው ዕድል አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናትም፣ በኒውዮርክ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ 469 ሰዎች ሲመረመሩ፣ ማንበብ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትና መደነስ ከሕመሙ መቀነስ ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

ምክንያቱ እንዴት ይገለጻል? ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር ትዝታን፣ ቋንቋን፣ ስሜትንና እንቅስቃሴን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች በአንድነት ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ትስስር ይጠነክራል። ስለዚህ በሽታው አንዱን መንገድ ሲዘጋ አእምሮ በሌላው ለመጓዝ ይችላል። ይህ እንደ ጎተራ ነው፤ ጎተራ ድርቅን አያስቀርም፤ የረኃቡን ቀን ግን ያርቃል።

እንዲህ ያለው ልምምድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። የሰዋስው ሕግ በቃሉ ይይዛል፤ ሆኖም የሚመዘነው ባጠናው ሳይሆን ራሱ በቆጠረው አዲስ ቅኔ ነው። ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። በአቋቋም ደግሞ ቃል፣ ዜማና የሰውነት እንቅስቃሴ ይተባበራሉ። ከይፋግ በስተደቡብ በፎገራ ምድር የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና፣ በጣና ዳር የሚወዛወዘውን ደንገል አይተው አዲስ ዝማሜ እንደ ፈጠሩ፣ ልጃቸው ተክሌም በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ይነገራል።

ይህ ማለት ግን ባለቅኔ ወይም መሪጌታ አይጃጅም ማለት አይደለም። የተጠቀሱት ጥናቶች ዝምድናን እንጂ ፍጹም ምክንያትን አያረጋግጡም፤ ሕመሙ ሳይታወቅ የጀመራቸው ሰዎች ቀድሞውኑ ከጭፈራና ከንባብ ርቀው ሊሆን ይችላል። የደም ግፊትና የመስማት ችግርም ያላቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ዘገባ፣ ሊወገዱ ወይም ሊሻሻሉ የሚችሉ 14 መንሥኤዎችን ዘርዝሮ፣ በልጅነት በቂ ትምህርት አለማግኘትን ከእነርሱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ለሙዚቃ፣ ለሥዕልና ለእጅ ሥራ የተመደበው ክፍለ ጊዜ ፈተና በቀረበ ቁጥር ለሌላ ትምህርት መሰጠት የለበትም። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ከመገልበጥ አልፎ የራሱን ግጥም፣ ታሪክና ሥዕል እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና የቅኔ መምህሩ ወደ ክፍል ተጋብዘው ያስተምሩ፤ ይህ ልጆቹን ከመጥቀሙ በላይ አረጋውያኑም ዕውቀታቸውን ሥራ ላይ እንዲያውሉ ያደርጋል።

የጎተራ እህል የሚከማቸው በመኸር ነው፤ የአእምሮም መኸር የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው።