የምርምር ገንዘብና የሠራተኛው ክንድ

አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያፈራው ሀብት ከአባቱ ዘመን ይልቅ የሚበዛበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው፣ መሣሪያው ስለ በዛለት ነው የሚለው መልስ ቀድሞ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን ሮበርት ሶሎው የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ፣ የአገሩን ሀብት ከ1909 እስከ 1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መርምሮ በ1957 ባሳተመው ጥናት፣ የሠራተኛው የሰዓት ምርት እጥፍ ሲሆን ከመሣሪያና ከሕንፃ መብዛት የመጣው ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ፣ ሰባቱ እጅ ግን ከአሠራር ጥበብ መሻሻል የተገኘ መሆኑን አስረዳ። በዚህ ሰባት እጅ ውስጥ ትምህርትም ልምድም ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ሁሉን ለምርምር መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ሌላው የኤኮኖሚ ሊቅ ዝቪ ግሪሊከስ በ1958 የዲቃላ በቆሎን ምርምር ወጪ ከጥቅሙ ጋር አመዛዝኖ፣ ለምርምሩ የወጣው እያንዳንዱ ዶላር በየዓመቱ ሰባት ዶላር ያህል እንደሚመልስ አሰላ።

ለእኛ ግን ከበቆሎው ይልቅ ጤፍ ይቀርበናል። የጤፍ አበባ ወንዴና ሴቴውን በአንድነት የያዘ፣ ዐይን በጭንቅ የሚለየው ረቂቅ ፍጥረት በመሆኑ፣ እርስ በርሱ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ብዙ ዘመን ቆየ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በማጉያ መነጽር ሥር ወንዴውን በወረንጦ እየነቀሉ፣ ምርቱ የበዛውን ዱከምን በንጣቱ ከተወደደው ከማኛ ጋር አዳቅለው፣ ቁንጮ የተባለውን ዝርያ በ2006 ለገበሬው አበረከቱ። ቁንጮን የሚዘራ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ያው፣ በሬዎቹም እነዚያው ሲሆኑ፣ አጨዳውና ውቂያው ጥቂት ቢጨምርበትም፣ ከአንድ የሥራ ቀኑ የሚያገኘው እህል ግን ይበዛለታል፤ የሠራተኛ ምርታማነት ማለት ይኸው ነው።

አበባው ከተደረሰበት አንሥቶ ዝርያው እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል፤ በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ዘግቶ ፍሬውን የሚጠይቅ የበጀት ሹም ይህን ምርምር ገና በጅምሩ በሰረዘው ነበር። ዘሩም ተባዝቶ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አስተምሮበት፣ ከገበሬው እጅ ካልደረሰ፣ በጎተራ የተቀመጠ ዝርያ የማንንም ክንድ አያበረታም።

ቁንጮ በወጣበት በዚያው በ2006 የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው፣ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ከመቶ አንድ እጅ ለምርምር ሊያውሉ ተስማምተው ነበር፤ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልደረሱበትም።