ያውቁ ኖሯል? ዳኛ ለመስደብ ስንት ይከፈላል?

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬንያ ውስጥ በትዊተር ዳኞችንና አክቲቪስቶችን ለሚያብጠለጥል ሰው በቀን የሦስት ዘመቻ ክፍያ ከ10 እስከ 15 ዶላር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ጉዱን ያወጣው ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2021 ያሳተመው ጥናት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዋትስአፕ ግሩፕ ይከፈታል፤ ምን እንደሚጻፍ፣ በየትኛው ሃሽታግ እንደሚለጠፍ ትእዛዝ ይወርዳል፤ አዛዡ ፊቱን አያሳይም። ሁሉም እኩል ይለቁታል። ሃሽታጉ ትሬንድ ውስጥ ሲገባ አገር የተቆጣ ይመስላል። ሒሳቡ በኤምፔሳ፣ በሞባይል የገንዘብ ማስተላለፊያው፣ ይገባል። ባለ ሰማያዊ ምልክት አካውንቶች ሳይቀሩ ለኪራይ ቀርበው ነበር።

ጥናቱ 11 ዘመቻዎችን፣ ወደ 3,700 የሚጠጉ አካውንቶችን ለቅሟል። ትዊተር እርምጃ የወሰደው ከ100 በላይ በሆኑት ላይ ነው። ቀሪውን አንባቢ ይቀንስ!

ከሃሽታጎቹ አንዱ ዳኞቹን «አናርኪስት» ይላል። ጥፋታቸው? በሜይ 2021 አምስት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ የያኔው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ የደገፉትን ቢቢአይ የተባለ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውድቅ አደረጉ። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 አላዳነውም።

በነጻ የሚሳደብም አለ። በሴፕቴምበር 2017 በዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬንያታ አሸነፉ የተባሉበትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኬንያታ ሳይውል ሳያድር ዳኞቹን «ዋኮራ»፣ ወሮበሎች፣ አሏቸው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ነገሩ ከአፍ አለፈ። ኦክቶበር 24 ማታ የምክትል ዋና ዳኛዋ የፊሎሜና ምዊሉ ሾፌር በጥይት ቆሰለ። በማግስቱ ድጋሚ ምርጫው ይራዘም የሚለው አቤቱታ ሊሰማ ነበር። ከሰባቱ ዳኞች ችሎት የገቡት ማራጋና አንድ ባልደረባቸው ብቻ፤ አምስት ካልሞላ ደግሞ ችሎት የለም። ምርጫው በነጋታው ተካሄደ።

ኬንያታ አልሾምም ያሏቸውን ስድስት ዳኞች በሴፕቴምበር 2022 የሾሙት ተተኪያቸው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ መሆናቸውንስ ያውቁ ኖሯል? ከስድስቱ ሁለቱ ቢቢአይን ከጣሉት ናቸው። ፍርድ ቤቶች የቤቶች ቀረጡንና የጤና መድኅን ሕጉን ሲያግዱባቸው ግን፣ በጃንዋሪ 2024 እኚሁ ሩቶ ዳኞችን በጉቦ ከሰሱ። ያን ጊዜ የኬንያ ጠበቆች ዳኞቹን ደግፈው ሰልፍ ወጡ።